የክበባት ዘገባ፦ የሙዚቃ ክበብ አሥሩን የኡታዳ አልበሞች እንዴት አዳመጠ

የሙዚቃ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዋና ሥራ የጃፓናዊቷን ድምፃዊት የሂካሩ ኡታዳን ስቱዲዮ አልበሞች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራ አዳምጦ ለእያንዳንዱ ሂስ መጻፍ ነበር። የወላጆች ቀን ዝግጅትም አልቀረም፤ እሱን ያየ ስላየው እዚህ አይደገምም። 23ቱ አባላት ሐሙስ ሐሙስ ከ9፡00 እስከ 10፡20 ይሰበሰባሉ። አንድ አልበም ሁለት ሐሙስ ይወስዳል፦ የመጀመሪያው ለማዳመጥ፣ ሁለተኛው ለመከራከርና ለመጻፍ።

ለምን ጃፓናዊት? ጥያቄው ከወላጆችም ከመምህራን ክፍልም መጥቷል። ኡታዳ ግጥሙንም ዜማውንም በአብዛኛው የምትጽፈው ራሷ ስለሆነች፣ ከአልበም አልበም የሚሰማው ለውጥ የአንድ ሰው ለውጥ ነው። ከ1999 እስከ 2022 ድረስ የወጡት አሥር ብቻ ስለሆኑም በአንድ የትምህርት ዘመን ያልቃሉ (የአልበሞቹ ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ዋናው ምክንያት ግን ቋንቋውን የሚያውቅ አባል አለመኖሩ ነው። ተማሪ ስለ አማርኛ ዘፈን ሂስ ጻፍ ሲባል ግጥሙን ተርኮ ያበቃል፤ ባሱ የት ገባ፣ ድምፁ የት ሳሳ፣ ዝማሬው ስንት ሆነ ብሎ አይጠይቅም። ቃሉ የማይገባው ዘፈን ሲመጣ ግን ጆሮው ሥራ ይጀምራል።

ቆጠራው ብቻውን አንድ ሐሙስ በላ። አንዱ ዝርዝር ስምንት አልበም ይላል፣ ሌላው አሥር፣ ሌላው አሥራ አንድ፤ የተሳሳተ የለም። በጃፓንኛ የተሠሩት ስምንት ናቸው፦ «ፈርስት ላቭ» (1999)፣ «ዲስታንስ» (2001)፣ «ዲፕ ሪቨር» (2002)፣ «አልትራ ብሉ» (2006)፣ «ሃርት ስቴሽን» (2008)፣ «ፋንቶም» (2016)፣ «ሃትሱኮይ» (2018) እና «ባድ ሞድ» (2022)። በእንግሊዝኛ የተሠሩት «ኤክሶደስ» (2004) እና «ዚስ ኢዝ ዘ ዋን» (2009) «ኡታዳ» በሚለው ስም ብቻ የወጡ ናቸው። አሥራ አንድ የሚሉት በ1998 «ኪዩቢክ ዩ» በሚል ስም የወጣውን ጨምረው ነው፤ ክበቡ እሱን ትቶታል። በ2024 የወጣው «ሳይንስ ፊክሽን» ምርጥ ስብስብ እንጂ ስቱዲዮ አልበም አይደለም። ይህን ሳይለዩ የጀመሩ ሁለት አባላት «የዘፈኖቹ አሰላለፍ ታሪክ አለው» ብለው ስለ ስብስቡ ሙሉ ገጽ ጽፈው ነበር።

የአደማመጥ ሥርዓት

ማጫወቻው ስልክ ነው። ከመጀመሩ በፊት ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይደረጋል፤ አለዚያ በዘፈኑ መሐል ይደወላል። ቀጥሎ መተግበሪያው ውስጥ ሹፍል (የዘፈኖቹን ተራ የሚያዛባው)፣ ክሮስፌድ፣ ኢኮላይዘር (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ የሚያሳድግና የሚቀንሰው) እና የዘፈኖችን ጩኸት እኩል የሚያደርገው ማስተካከያ ይጠፋሉ። ክሮስፌድ የአንዱን ዘፈን ጭራ ከሌላው ራስ ጋር ስለሚያደራርብ በዘፈኖች መካከል ያለው ዝምታ አይሰማም። የጩኸት ማስተካከያው ደግሞ ሆን ተብሎ ዝቅ ብሎ የተቀዳን መሸጋገሪያ ከፍ አድርጎ ያበላሸዋል። ስልኩ ከስፒከሩ ጋር የሚገናኘው በገመድ ነው፤ ብሉቱዝ ሰው በመሐል ሲያልፍ ይቆራረጣል።

የመጀመሪያው አደማመጥ ያለ እስክሪብቶ ነው፤ ወሬም የለም። ሁለተኛውን ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሠሩታል፤ ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ወይም ሁለት ዘፈን ይደርሰዋል፣ አንዱ ሰዓት ይይዛል፣ ሌላው ይጽፋል። ሦስተኛው ግጥሙን በእጅ ይዞ ነው። ወረቀቱ አራት ዓምድ አለው፦ ደቂቃና ሴኮንድ፣ የተሰማው ነገር፣ ያንን የሚያሰማው መሣሪያ ወይም ድምፅ፣ ፍርድ። ደቂቃ ያልተጻፈበት ፍርድ ይሰረዛል። ጥቅምት ላይ ወረቀቶቹ በ«በጣም ያምራል» እና «ይደብራል» የተሞሉ ነበሩ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ግን «ሁለተኛው አዝማች ላይ ከኋላ ሌላ ድምፅ ገብቷል፣ የራሷ ይመስላል፤ ሦስተኛው ላይ ስለጠፋ መጨረሻው ባዶ ሆኗል» ዓይነት ዐረፍተ ነገር መምጣት ጀመረ። ከዚህ ጋር የማይስማማ ሰው ሄዶ ሊያዳምጥና ሊከራከር ይችላል። ከ«ያምራል» ጋር ማን ይከራከራል?

ነጥቡ ከ20 ነው፤ ዜማ 5፣ ድምፅ 5፣ ቅንብር 5፣ አሰላለፍ 5። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አልበሞች ውጤት ሲሰበሰብ የየአልበሙ ሁለተኛ አጋማሽ ሁልጊዜ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ስህተቱ ከዘፈኖቹ አልነበረም፤ 10፡00 ሰዓት ሲሆን አባላቱ ይርባቸዋል። ከዚያ ወዲህ በጥንድ በሚሠራው አደማመጥ ግማሾቹ ከሰባተኛው ዘፈን ይጀምራሉ።

የድምፅ መጠንም ያታልላል። በተለያየ ዘመን የተሠሩ አልበሞች ተመሳሳይ የጩኸት መጠን የላቸውም፤ ሁለት አልበም አጠገብ ለአጠገብ ሲሰማ ደግሞ ጆሮ የጮኸውን ይመርጣል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከሁለቱም አልበም ድምፃዊቷ ብቻዋን ጎልታ የምትሰማበት ቦታ ተመርጦ፣ ድምፅዋ እኩል እስኪሆን ድረስ ማጉያው ይስተካከላል፤ ቦታው በፕላስተር ምልክት ይደረግበታል። ከበሮን መነሻ ማድረግ አይሠራም፤ ባለ ዝግታው ዘፈን ከሚገባው በላይ ይጮሃል።

«ና» እና «ናካይሜ»

«ፈርስት ላቭ» ማርች 10 ቀን 1999 ወጣ። ኡታዳ ያኔ 16 ዓመቷ ነበር። በጃፓን ከ7 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጦ የአገሪቱን ክብረ ወሰን ይዟል፤ እስካሁንም አልተነጠቀም። ይህ ቁጥር ሂስ ጸሐፊን ይጎዳል። አባላቱ ቁጥሩን አስቀድመው ስላወቁ ሁሉም ለአልበሙ 17 እና 18 ሰጡ። ከዚያ በኋላ የሽያጭ መረጃ የሚነገረው ነጥብ ከተሰበሰበ በኋላ ሆኗል።

በዚህ አልበም ብዙ ጊዜ የተወሰደው በመጀመሪያው ዘፈን «ኦቶማቲክ» የመጀመሪያ ስንኝ ላይ ነው። ስንኙ የሚናገረው በሰባተኛው ጥሪ ላይ ስልኩን ስላነሳ ሰው ነው። «ሰባተኛ» የሚለው ቃል በጃፓንኛ «ናናካይሜ» ነው፤ ኡታዳ ግን «ና» ብላ ትቆርጥና ቆም ብላ «ናካይሜ» ትላለች። «ቤሩ» (ደወል) የሚለውንም ሁለት ላይ ሰብራ «ቤ» ከዚህ፣ «ሩ» ከወዲያ ታስቀምጠዋለች። ቃሉን የሚቆርጠው ትርጉሙ ሳይሆን ምቱ ነው። ከአሜሪካ አር ኤንድ ቢ የተወሰደው ምት ላይ ጃፓንኛውን ያስቀመጠችው በዚህ መንገድ ነው፤ በ1999 አዲስ ያሰኛትም ከሞላ ጎደል ይኸው ነው።

ይህን ለማየት ግጥሙን በፊደል መገልበጥ ረድቷል። ጃፓኖች በካና ሲጽፉ እንደ እኛ ፊደል አንድ ምልክት በአብዛኛው ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ይይዛል፤ ስለዚህ ከላቲን ይልቅ በፊደል ቁጥሩ ቶሎ ይገጥማል። ሦስት ቦታ ላይ ግን ይስታል። «ትሱ» በእኛ ሁለት ፊደል ቢሆንም በእነሱ አንድ ምት ነው። ረጅም አናባቢ ሁለት ምት ስለሆነ «ቶ» ሲረዝም «ቶ-ኦ» ተብሎ ይጻፋል። ሦስተኛው ለአማርኛ ተናጋሪ የባሰ ወጥመድ ነው፦ እኛ ጠብቆ የሚነበበውን ከላላው ለይተን አንጽፍም፣ እነሱ ግን ጥብቀቱን ራሱን እንደ አንድ ምት ይቆጥሩታል። «አነሳ» የሚለው «ቶታ» እኛ ዘንድ ሁለት ፊደል ነው፤ በእነሱ ቆጠራ «ቶ-ት-ታ» ሦስት ነው። ይህን የዘለሉ ጥንዶች በየስንኙ አንድ ምት ጎድሎባቸው «ዘፋኟ ከምት ወጥታለች» ብለው ጽፈው ነበር።

አንድ ዘፈን ሁለት ጊዜ

«ዲስታንስ» ማርች 28 ቀን 2001 የወጣው ከሌላዋ ጃፓናዊት ድምፃዊት ከአዩሚ ሃማሳኪ «ኤ ቤስት» ጋር በአንድ ቀን ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ 3 ሚሊዮን ያህል ተሸጧል። የሃማሳኪ ምርጥ ስብስብ ስለሆነ የሁለቱ ፉክክር የገበያ እንጂ የአልበም አይደለም። በዚህ አልበም የተፈጠረው ጣጣ ሌላ ነው። «አዲክትድ ቱ ዩ» ላይ ሁለት ጥንዶች ፈጽሞ የማይገናኝ ነገር ጽፈው መጡ፤ አንዱ ጥንድ ያለውን መሣሪያ ሌላው አልሰማም። ሲጣራ ለካ አንደኛው ጥንድ የነጠላ ዜማውን ሚክስ ነው ያዳመጠው፣ አልበሙ ላይ ያለው ግን «አፕ ኢን ሄቨን ሚክስ» የተባለ ሌላ ቅንብር ነው። በ2024ቱ ስብስብ ላይ ደግሞ እንደገና የተቀዳ ሦስተኛ አለ። በቴሌግራም የሚዘዋወሩ ፋይሎች ይህን አይለዩም፤ ስማቸው አንድ ነው። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ አናት ላይ የዘፈኑ ሙሉ ርዝመት በደቂቃና ሴኮንድ ይጻፋል፣ ከአልበሙ ዝርዝር ጋር ካልገጠመ ማዳመጡ አይጀመርም።

የዓመቱ ምርጥ ልምምድ የወጣው ከሁለተኛውና ከሦስተኛው አልበም መካከል ነው። «ዲስታንስ» የተባለው ዘፈን በ2001 አልበም ውስጥ ምቱ የሚራመድ፣ ራስ የሚያስነቀንቅ ነው። በ2002ቱ «ዲፕ ሪቨር» ላይ «ፋይናል ዲስታንስ» ሆኖ ተመልሷል፤ ምቱ ወደ ኋላ ተገፍቶ ፒያኖና ባለ ክር መሣሪያዎች ፊት ወጥተዋል፣ ድምፅዋም ቀርቧል። ዜማው በመሠረቱ ያው ነው። ክበቡ ሁለቱን ስንኝ በስንኝ እያፈራረቀ አጫወተ። «ቅንብር ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ በዚያ ሐሙስ ያለ ማብራሪያ ተመለሰ፤ ዜማውን ሲቀንሱት የሚቀረው ነገር ነው። ልብ ያሉ አባላት ሁለተኛው ላይ የትንፋሽ ቦታዎቹ እንደሚሰሙ ጻፉ። በመጀመሪያው ምቱ ይሸፍናቸዋል።

«ዲፕ ሪቨር» 12 ትራክ አለው፤ አንዱ፣ 11ኛው፣ «ብሪጅ» የተባለ አጭር መሸጋገሪያ ነው። መሸጋገሪያውን ለብቻው ነጥብ መስጠት ስህተት ነው፤ ሥራው የ«ፋይናል ዲስታንስ»ን ጥላ አንስቶ ለመጨረሻው ዘፈን «ሂካሪ» (ብርሃን) ቦታ መልቀቅ ነው። ለአሰላለፍ ሙሉ 5 የተሰጠው ለዚህ አልበም ብቻ ነው፣ በዘገባ አቅራቢው እምነትም ይገባዋል።

ትርጉም ላይ የተገኘው ትምህርት «ትራቭሊንግ» ውስጥ ነው። ዓርብ ከሥራ ወጥቶ ታክሲ የያዘ ሰው ዘፈን ነው፣ ያስጨፍራል። መሐሉ ላይ ግን ስለ ጸደይ ሌሊት ሕልምና በነፋስ ፊት ስላለ ትቢያ የሚሉ ሐረጎች አሉ። አባላቱ በማሽን አስተርጉመው «ቆንጆ ግጥም» ብለው አለፉት። ሐረጎቹ ግን የተወሰዱት የመካከለኛው ዘመን የጃፓን ሥራ ከሆነው «የሃይኬ ታሪክ» መክፈቻ ነው፤ ማንኛውም ጃፓናዊ ተማሪ በትምህርት ቤት የሚያጠናው ነው። እኛ ዘንድ የዳንስ ዘፈን ውስጥ «ነፋስ ጠርጎ እንደሚወስደው ትቢያ» የሚለው የዳዊት ቃል ድንገት ቢገባ አዳማጩ ምን ይሰማዋል? እንደዚያ ማለት ነው። ማሽኑ ቃሉን ይተረጉማል፣ ቃሉ ከየት እንደመጣ ግን አይናገርም።

በፍጥነት የታለፉት

ሁለቱ የእንግሊዝኛ አልበሞች ላይ የተጻፈው ሂስ ደካማ ነው። ቋንቋው ስለገባቸው አባላቱ ወደ ግጥም ትረካ ተመለሱ። «ኤክሶደስ» ላይ አሜሪካዊው ፕሮዲዩሰር ቲምባላንድ የሠራቸውን ዘፈኖች በከበሮው ለመለየት የተደረገው ሙከራ ብቻ ዋጋ ነበረው። «ዚስ ኢዝ ዘ ዋን» ለስላሳ ነው፣ በአንድ ገጽ አለቀ። «አልትራ ብሉ» መጀመሪያ 11 ነጥብ አግኝቶ ነበር። በዚያ ሳምንት መብራት ስላልነበረ የተሰማው በስልክ ስፒከር ሲሆን፣ የስልክ ስፒከር ደግሞ ባሱን ውጦ የሲንተሳይዘሩን ፉጨት ብቻ ያስቀራል። በትልቁ ስፒከር ሲደገም 15 ሆነ። «ሃርት ስቴሽን» ላይ «ቴክ ፋይቭ» የተባለው ዘፈን ሳይጨርስ በድንገት ይቆረጣል። ሦስት ጥንድ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብሎ መለሰው። አልተበላሸም፣ እንዲያ ተደርጎ ነው የተሠራው። ከሱ ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ «እኔ ድብ ነኝ» የሚል የልጆች መዝሙር ነው! ከዚያ ቁርጠት በኋላ የልጆች መዝሙር ማስቀመጥ ድፍረት ይጠይቃል፤ ግማሹ ክበብ ቀልድ ነው አለ፣ ግማሹ የአልበሙ ምርጥ ቦታ ነው አለ።

እናትና ቅኝት

ኡታዳ ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ ሥራ አቁማ ነበር። እናቷ ኬይኮ ፉጂ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ70ዎቹ ስመ ጥር የኤንካ (የጃፓን የትካዜ ዘፈን ስልት) ዘፋኝ የነበረችው፣ በ2013 በነሐሴ ወር አረፈች። «ፋንቶም» የመጣው ሴፕቴምበር 28 ቀን 2016 ነው፤ 11 ዘፈን፣ ብዙው የኀዘን። እዚህ ላይ ክበቡ የእናትየውን የ1970 ቅጂ ከልጅቷ ጎን አጫወተ፤ ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ «ትዝታ!» አለ።

እዚህ ላይ ጆሮ አልተሳሳተም። ኤንካ በብዛት የሚጠቀምባቸው ቅኝቶች ከሰባቱ ድምፅ አራተኛውና ሰባተኛው የተነሱላቸው ናቸው። ኪቦርድ ላይ ከዶ ተነስቶ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ሲባል የእኛው ትዝታ ሜጀር ነው፤ ሚና ላ ግማሽ ድምፅ ሲወርዱ (ፍላት ሲሆኑ) ትዝታ ማይነር ይሆናል፣ የኤንካው ማይነርም ይኸው ነው። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት አምባሰል ነው፤ የጥንት የኮቶና የሻሚሴን (የጃፓን ባለ ክር መሣሪያዎች) ዜማም በእነዚሁ ድምፆች ይሄዳል። ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ደግሞ ባቲ ሜጀር ሲሆን በኦኪናዋ ደሴቶች የታወቀው ቅኝት ነው። አንቺሆዬ አቻ አልተገኘለትም።

ችግሩ ከዚህ በኋላ መጣ፤ አባላቱ የኡታዳን ዘፈን ሁሉ ትዝታ ማለት ጀመሩ። ማጣሪያው እንዲህ ነው፦ የአዝማቹ ዜማ ያረፈበት ድምፅ ኪቦርድ ላይ ይፈለጋል፤ ዜማው የነካቸው ድምፆች አንድ በአንድ በጠመኔ ይጻፋሉ፤ አራተኛው ወይም ሰባተኛው ደጋግሞ ከተገኘ ትዝታ አይደለም። ከተሞከሩት ውስጥ አብዛኞቹ ወደቁ። የእናትየው ቅኝት በልጅቷ አልበም ላይ በሙሉ አልተወረሰም። የተወረሰ ነገር ካለ ያለው ድምፅን በቃል መጨረሻ ላይ በማዞርና በማንቀጥቀጥ ውስጥ ነው፣ ይህም ሊቆጠር ሳይሆን ሊሰማ የሚችል ነገር ነው።

ከ«ፋንቶም» ሰባተኛው ዘፈን ርዕሱ ራሱ አስቸግሯል። «ማናትሱ» የበጋ እኩሌታ ማለት ነው፣ «ቶኦሪአሜ» ደግሞ ወርዶ የሚያልፍ ዝናብ። «በጋ» ብሎ የተረጎመው አባል ጥር ላይ ያለ ደረቅ ፀሐይ አሰበ፤ «ክረምት» ያለው ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚዘንብ ሰማይ አሰበ። የጃፓን ናትሱ ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ሙቀቱ የሚያልብ፣ ዝናቡ ድንገት መጥቶ ድንገት የሚሄድ። ክበቡ በመጨረሻ «በነሐሴ ሙቀት መሐል ያለፈ ዝናብ» ብሎ ተስማማ፤ እኛ ዘንድ ነሐሴ እንደማይሞቅም በግርጌ ተጻፈ።

«ሃትሱኮይ» በጃፓንኛ «የመጀመሪያ ፍቅር» ማለት ነው፣ ከ1999ኙ ርዕስ ጋር አንድ። አንዱ ዘፈኑ ስለ ድንብላል ቅጠል መሆኑ ሲታወቅ ክፍሉ ለአምስት ደቂቃ አልተረጋጋም። «ባድ ሞድ» የመጨረሻው ነበር፤ ጃፓንኛና እንግሊዝኛ በአንድ ስንኝ ውስጥ ይቀላቀላሉ። መዝጊያው፣ ከእንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ከፍሎቲንግ ፖይንትስ ጋር የተሠራው፣ ወደ 12 ደቂቃ ይሄዳል። በመጀመሪያው ሐሙስ ደወሉ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ አቋረጠው። የሁለተኛው ሐሙስ ማዳመጥ ከሱ ተጀመረ፤ ዘፈኑ ቃል የሚያልቅበትና ምት ብቻ የሚቀጥልበት ቦታ ስላለው በስድስት መስመር ሊያልፉት የነበሩ አባላት ሁለት ገጽ ጻፉበት።

በሰኔው ድምፅ አሰጣጥ «ዲፕ ሪቨር» 11፣ «ፋንቶም» 9፣ የቀሩት ሦስቱ ለ«ባድ ሞድ» ሆነ። አሥሩ ሂሶች ተጠርዘው ቤተ መጻሕፍት ገብተዋል።

ለመጪው ዓመት መጀመሪያ የሚያስፈልገው አዲስ ገመድ ነው። የአሁኑ አንድ ጫፉ ላልቶ ሲነቀነቅ የግራው ድምፅ ይጠፋል። ግንቦት ላይ «ሃትሱኮይ» ሲሰማ ይህ ደርሶ ማንም አላስተዋለም፤ ከኋላ የሚያጅበው ድምፅ በግራ በኩል ስለነበር አራት ወረቀት «አጃቢ የለውም» ብሎ ተመለሰ። ከማዳመጥ በፊት ከሁለቱም ወገን ድምፅ መኖሩ ይጣራ፤ ስልኩ በገመዱ ከስፒከሩ ጋር እንደተገናኘ የግራውንና የቀኙን ድምፅ በተራ መስማት ይበቃል።